ሞላ ሲሰበር ጎማን ማዳን፦ የትኛው ምርጫ ለየትኛው መኪና?

የመኪና ሞላ፣ ማለትም ክብደቱን የሚሸከመው ጥምዝ ብረት፣ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከታች ጫፉ አካባቢ፣ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ጥምዝ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደርሰውን ጉዳት የሚወስነው ግን በሞላው መቀመጫና በጎማው የውስጥ ጎን መካከል ያለው ክፍተት ነው። የተሰበረው ጫፍ እንደ መሮ የሾለ ነው። ክፍተቱ አንድ ጣት በማያህልበት መኪና ላይ ጫፉ ከመቀመጫው ከወረደ፣ ጎማው ሲሽከረከር ክብ እየሠራ ይቀደዋል። ክፍተቱ ሰፊ በሆነበት መኪና ላይ ያው ስብራት ለሳምንታት ከኳኳታ በቀር ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሞላ ከመግዛትዎ፣ መከላከያ ከማስገጠምዎ ወይም ሰፊ ጎማ ከመምረጥዎ በፊት ይህችን ክፍተት ይወቋት፤ ከታች ያሉት ምርጫዎች ሁሉ የሚመዘኑት በእሷ ነው።

ክፍተቱን መለካት

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ያዙሩና ከጎማው ጀርባ በእጅ ባትሪ ያብሩ። ሞላው ሾክ አብዞርበሩን ከቦ የቆመ ከሆነና የተቀመጠባት ሳህን መሰል ላሜራ ከጎማው ጎን ወይም ከበላዩ ካለች፣ ማክፈርሰን የሚባለው አሠራር ነው። ጎማ በተሰበረ ሞላ የሚቀደደው በአብዛኛው እዚህ ነው። ሞላው ከሾኩ ተለይቶ ወደ መኪናው መሃል ገባ ብሎ ከተቀመጠ ግን ስባሪው ጎማውን የማግኘት ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው። በዚህ ጊዜ መታየት ያለባቸው በአቅራቢያው የሚያልፉት የፍሬን ቱቦና የአክሰሉ የጎማ ሽፋን ናቸው።

መሪውን ቀጥ አድርገው 10 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው እንጨት በመቀመጫዋና በጎማው መካከል ለማሳለፍ ይሞክሩ። አላልፍ ካለ መኪናው ጠባብ ነው እንበል። ከ10 እስከ 25 ሚ.ሜ ከሆነ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰፊ። ይህ የፋብሪካ ደንብ ሳይሆን ለውሳኔ የሚረዳ የሥራ መለኪያ ነው። በሁለቱም ጎን ይለኩ፤ የግራውና የቀኙ ከተለያየ ከዚህ በፊት በደረሰ ግጭት የተጣመመ ነገር ሊኖር ይችላል።

ሞላው መሰበሩን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ ከባድ ነው። የመጨረሻው ጥምዝ መቀመጫው ላይ የተኛ ስለሆነ ከተንጠለጠለው ክብደት እምብዛም አይሸከምም። እሱ ብቻ ሲሰበር መኪናው የሚወርደው በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ሾፌሩም አያስተውለውም። ሦስት ነገሮች ግን ያጋልጡታል። አንደኛ፣ መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ወይም ጉብታ ሲታለፍ የሚሰማ "ጣንን" የሚል የብረት ድምፅ። ሁለተኛ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ቁመት፦ ሁለቱም ጎማዎች እኩል አየር ይዘው፣ መኪናው ባዶ ሆኖ፣ በግራና በቀኝ መካከል ከ10 ሚ.ሜ በላይ ልዩነት ካለ ሞላዎቹን መፈተሽ ግድ ነው። ሦስተኛ፣ የጥምዝ ቆጠራ፦ መኪናውን በክሪክ አንስተው፣ በድጋፍ ብረት ላይ አሳርፈው፣ የሁለቱንም ሞላዎች ጥምዝ ከላይ እስከ ታች ይቁጠሩ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የታችኛውን ጫፍ በጓንት ይዘው ቢወዘውዙት የተሰበረ ቁራጭ ይላወሳል፤ ደህናው አይነቃነቅም።

ለምን ይሰበራል?

የሞላ ብረት በጣም የጠነከረ ስለሆነ፣ ለስላሳ ብረት ላይ ምንም የማታመጣ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ እሱ ላይ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። መኪናው ጉብታ ባለፈ ቁጥር የሞላው ብረት ይጠመዘዛል፤ ጭንቀቱ የሚበረታው ደግሞ በብረቱ ገጽ ላይ እንጂ በእምብርቱ አይደለም። ፋብሪካዎች ገጹን በጥቃቅን የብረት ጥይቶች ደብድበው የሚያጠብቁትና በቀለም የሚሸፍኑት ለዚህ ነው። ታችኛዋ መቀመጫ ግን አሸዋና ውኃ ትይዛለች። አሸዋው በሞላውና በላሜራው መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፈቀፍቃል፣ ውኃው ያዝገዋል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው ቦታዎችና በባሕር ዳርቻ ሂደቱ ይፈጥናል።

ስባሪው እጅዎ ከገባ የተሰበረውን ፊት ቀርበው ይዩት። ዳር ላይ እንደ ጥፍር ግማሽ ጨረቃ የሠራ ጥቁር ቡናማ ቦታ ይኖራል፤ የቀረው ግራጫና እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ነው። ቡናማው ስንጥቁ ቀስ በቀስ ያደገበት ክፍል ነው፤ የሚያብለጨልጨው በአንድ ቅጽበት የተበጠሰው። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ከዛገ ሞላው ከተሰበረ ቆይቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ የጎማው የውስጥ ጎን ያን ሁሉ ጊዜ ሲፈቀፈቅ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ከታች ስለ ጎማው የምትወስኑትን ይለውጠዋል።

እየነዱ መሄድ ወይስ ማስጫን?

መኪናው ሰፊ ከሆነ፣ ስባሪው መቀመጫው ላይ በቦታው ካለና ሞላው ወደ ጎን ካልተንሸራተተ፣ ጭነት ሳይጫን፣ በዝግታ፣ መሪውን እስከ ጥግ ሳያዞሩ በአቅራቢያ ወዳለ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ጠባብ ወይም መካከለኛ ከሆነ መኪናው በሌላ መኪና ጀርባ ተጭኖ ይሂድ። እዚህ ላይ ለድርድር ቦታ የለም፤ በፍጥነት ላይ የፊት ጎማ ከጎኑ ሲቀደድ አየሩ በአንዴ ይወጣል፣ መሪውም ይነጠቃል።

አንዳንዶች ተንጠልጥሎ የቀረውን ጫፍ በመፍጫ ቆርጠው ይነዳሉ። መፍጫው የሚያግለው ቀሪው ሞላ ጥንካሬውን ያጣል፣ አዲሱ ጫፍም መቀመጫው ላይ በትክክል አይገጥምም። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ልቅ የሆነውን ቁራጭ በእጅ ማውጣት ከተቻለ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ከቁርጡ ይሻላል። ሞላ መበየድ ግን በምንም መልኩ አይሞከርም፤ ብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ተሰባሪ ይሆናል፣ ሁለተኛው ስብራትም ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይመጣል።

አንድ፣ ጥንድ ወይስ ሙሉ እግር?

የተሰበረውን ብቻ መቀየር ርካሹ ነው፤ ትርጉም የሚሰጠው ግን ሌላኛው ጎን በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ብቻ ነው። ያልተሰበረው ሞላ ያንኑ መንገድ ያንኑ ያህል ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ያንኑ ጭቃ ተሸክሟል። ከዚያ በላይ ደግሞ ያረጀ ሞላ በትንሹ ስለሚወርድ ከአዲስ ጋር ሲጣመር መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ መሪውም ይጎትታል። ስለዚህ የፊት ወይም የኋላ ጥንዱን በአንድ ላይ መቀየር የእኛ መደበኛ ምክር ነው። አራቱንም መቀየር የሚያስፈልገው አራቱም ዝገት ሲታይባቸው እንጂ በልማድ አይደለም።

ሦስተኛው ምርጫ ሞላው፣ ሾኩና የላይ መያዣው ተገጣጥመው የመጡበት ሙሉ እግር ነው። ጥቅሙ ሞላ መጭመቂያ አያስፈልግም፣ ሥራው ፈጣን ነው፣ ከተጨመቀ ሞላ ኃይል የሚመጣ አደጋም የለም። ጉድለቱ ርካሾቹ ብዙ የሞተር ዓይነቶችን በአንድ ሞላ ለማገልገል መሠራታቸው ነው፤ ከባድ ሞተር ያለው መኪና ላይ ሲገጠም ፊቱ ይወርዳል፣ ቀላሉ ላይ ይነሳል። ሾኩ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ወይም ከ80,000 እስከ 100,000 ኪ.ሜ ከሄደ ሙሉ እግሩ ይመረጣል፣ ለመኪናዎ የተለየ ቁጥር ያለው እስከሆነ ድረስ። ሾኩ አዲስ ከሆነ ሞላውን ብቻ ይቀይሩ።

የትኛው ሞላ?

አንድ ሞዴል መኪና እንኳ በሞተሩ፣ በካምቢዮው ዓይነትና በአየር ማቀዝቀዣው ክብደት የተለያየ ሞላ ይይዛል። ልዩነቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ሞላው ላይ የተቀባው የቀለም ነጥብ ወይም መስመር ነው። በሞዴልና በዓመተ ምርት ብቻ ሳይሆን በሻንሲ ቁጥር ይዘዙ። የመጣውን ከአሮጌው ጎን አቁመው የብረቱን ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ)፣ የጥምዙን ቁጥርና የውጭ ስፋቱን ያወዳድሩ። ቁመታቸው ቢለያይ አይደንግጡ፣ አሮጌው ተሰብሯል።

የብረቱ ውፍረት ከሚመስለው በላይ ወሳኝ ነው። የሞላ ጥንካሬ ከውፍረቱ አራተኛ ኃይል ጋር ስለሚያድግ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ከ12 ወደ 13 ሚ.ሜ መሄድ ሞላውን 38 በመቶ ገደማ ያጠነክረዋል። "ጠንካራ ሞላ አይሰበርም" ብሎ ከባዱን መምረጥ የተለመደ ስህተት ነው። ባዶ መኪና ላይ ከባድ ሞላ ጎማውን መንገዱ ላይ ያዘልላል፣ ሾኩንም ያለ ጊዜው ይጨርሰዋል፤ ዝገቱን ግን አያስቆመውም። ሁልጊዜ ጭነት ለሚሸከም መኪና ብቻ ነው ትክክል የሚሆነው።

መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ሞላ መቁረጥም እንዲሁ ነው። ስድስት የሚሠሩ ጥምዞች ካሉት ሞላ አንዱ ቢቆረጥ ቀሪው 20 በመቶ ይጠነክራል፣ ጫፉ ግን መቀመጫውን አይይዝም። ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ይላቀቃል፣ ሲመለስ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ለጠባብ መኪና ከዚህ የከፋ ምርጫ የለም።

ያገለገለ ሞላ የሚታሰበው ሌላ ሲጠፋ ብቻ ነው። ከታች ያሉትን ሁለት ጥምዞች በጨርቅ አጽድተው ጥፍርዎን ያሳልፉባቸው፤ ቀለሙ ከተነሳ፣ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ወይም የፒንሳ ጥርስ ምልክት ካረፈበት ይመልሱት። አዲሱንም ቢሆን በፒንሳ አይያዙት፣ በመዶሻ አይምቱት።

ጎማን የሚያድኑ መከላከያዎች

የመጀመሪያው የላሜራ ያዥ ነው። ከታችኛዋ መቀመጫ ሥር የሚታሰር፣ ጠርዙ ወደ ላይ የተነሳ ጠንካራ ላሜራ ሲሆን ሥራው ስብራትን መከልከል ሳይሆን የተሰበረውን ጫፍ ከጎማው ማራቅ ነው። ለመካከለኛ መኪና በጣም ጥሩ ነው። ጠባብ መኪና ላይ ግን ራሱ ያዡ ክፍተት ይበላል፦ 4 ሚ.ሜ የሚወስድ ያዥ 9 ሚ.ሜ ክፍተትን ወደ 5 ያወርዳል፣ የያዡም ጠርዝ ጎማውን መፋቅ ይጀምራል። ስለዚህ ጠባብ መኪና ላይ የሚገጠመው ለዚያው ሞዴል የተሠራው ብቻ ነው፤ ከላሜራ ቆርጦ መሥራት አይመከርም። የውኃ መውጫ ቀዳዳ የሌለው ያዥ ደግሞ ጭቃ አጠራቅሞ ያንኑ ሞላ ያበሰብሳል።

ሁለተኛው የሞላው ጫፍ ላይ የሚለበስ የጎማ ሽፋን ነው። ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ስለሚያደርግ የስብራቱን ሥር ይነካል። ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት ይወጣሉ፣ በጥገና ጊዜ ግን ይጣላል ወይም አሮጌው ይመለሳል። አዲስ ይግዙለት፤ ለሞላው ውፍረት የተሠራ፣ ጥብቅ ብሎ የሚይዝ ይሁን። የተሰነጠቀ የውኃ ቱቦ ቆርጦ መጠቅለል ግን ውኃ ይዞ ብረቱን በጭለማ ያዛግታል፣ ስንጥቁንም ይደብቃል። ከእሱ ባዶውን መተው ይሻላል።

ሁለቱ ተፎካካሪ አይደሉም። አንዱን ብቻ መምረጥ ካለብዎት ለጠባብ መኪና ሽፋኑና ትክክለኛው አዲስ ሞላ፣ ለመካከለኛ መኪና ያዡ። ለሰፊ መኪና ያዥ ማስገጠም አያስፈልግም።

በጥምዞች መካከል የሚገባው የጎማ ትራስ ግን የወረደን መኪና ከፍ ለማድረግ ይሸጣል እንጂ መከላከያ አይደለም። የያዛቸው ጥምዞች መሥራት ስለሚያቆሙ ጭንቀቱ ወደ ቀሪዎቹ ይሄዳል። አየር ሲወጣባቸው የሚነዱ ጎማዎችም ሆኑ ውስጥ የሚፈሰው የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ እዚህ አያድኑም፤ የጎን ቅድ ለሁለቱም ከአቅም በላይ ነው። የጎማ ግፊት ጠቋሚ መብራት ቀስ ብሎ ለሚወጣ አየር ይጠቅማል፣ ለድንገተኛ ቅድ ግን ይዘገያል።

ሰፊ ጎማና ሌላ ቸርኬ

ብዙዎች ክፍተቱን ራሳቸው ያጠፉታል። በዚያው ቸርኬ ላይ ከ195 ወደ 215 ሲሄዱ ጎማው እስከ 20 ሚ.ሜ ድረስ ይሰፋል፣ ግማሹ ወደ ሞላው በኩል ነው። ቸርኬው ከ6 ወደ 7 ኢንች ከሰፋ ደግሞ ራሱ ቸርኬው በየጎኑ 12.7 ሚ.ሜ ይወጣል። ቸርኬው ላይ የተጻፈው የኢቲ (ET) ቁጥርም፣ ማለትም የቸርኬው መግጠሚያ ፊት ከስፋቱ መሃል በስንት ሚ.ሜ እንደሚርቅ የሚያሳየው፣ ይታይ፦ ከ45 ወደ 35 ሲወርድ ጎማው 10 ሚ.ሜ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ የውስጥ ክፍተቱ ይሰፋል። ነገር ግን መሪው ይከብዳል፣ የጎማ ኩሽኔታው ጭነት ይጨምራል፣ ጎማው ፓራፋንጎን ሊነካ ይችላል። ጠባብ መኪና ላይ ፋብሪካው የፈቀደውን ስፋት አለማለፍ ከማንኛውም መከላከያ የበለጠ ያድናል።

የተነካው ጎማ ይጠገን ወይስ ይጣል?

ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው አውጥቶ ውስጡንም ይይ። የውስጥ ጎኑ ላይ ክብ የሠራ የመፋቅ መስመር ካለ በጣት ይዳሰስ፦ ገጹን ብቻ ያሻሸ፣ ጠርዝ የሌለው መስመር ከሆነ መጠቀም ይቻላል፤ ክር ከታየ፣ ቅዱ ጠርዝ ካለው ወይም እብጠት ከወጣ ጎማው ይጣል። የጎማው ጎን የሚሸከመው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በተዘረጉ ክሮች ነው፤ የተቆረጠ ክር በልጥፍ አይቀጠልም። በልጥፍ የሚጠገነው በጥርሱ መካከለኛ ክፍል ያለ፣ እስከ 6 ሚ.ሜ የሚደርስ ቀዳዳ ብቻ ነው። ውስጡ የጎማ ብናኝ ከተገኘ ደግሞ ጎማው አየር ሳይኖረው ተነድቷል፣ ቀዳዳው የትም ቢሆን ዋጋ የለውም።

አንድ ጎማ ብቻ ከተጣለ አዲሱ ከጥንዱ ጋር በልክና በዓይነት ይመሳሰል። በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ላይ የጥርስ ጥልቀት ልዩነት ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ ካለፈ የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ማከፋፈያ ይጎዳል፤ የመኪናው መመሪያ ያስቀመጠው ልክ ይቀድማል።

ሲገጠም

የተጨመቀ የፊት ሞላ 400 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ ኃይል ሊይዝ ይችላል። ከመጭመቂያዎቹ የተሻለው ሞላውን በሁለት ሳህን መካከል የሚይዘው ነው። ሁለት መንጠቆ ያለው ርካሹ ይሠራል፣ ግን የተሰበረ ሞላ ላይ መንጠቆው የሚይዘው ጥምዝ ስለሚያንስ በቀላሉ ይንሸራተታል። መንጠቆዎቹ ትይዩ ሆነው፣ ያልተሰበረ ጥምዝ ይዘው፣ በእጅ ቁልፍ ተራ በተራ ጥቂት ዙር ብቻ ይጥበቁ፤ በአየር ቁልፍ አይሞከርም። ሞላው መቀመጫው ላይ መላወስ እስኪጀምር ድረስ የላይኛው ዳዶ አይፈታም። ፊትና እጅ ከሞላው ትይዩ መስመር ውጭ ይሁኑ።

መቀመጫው በብረት ብሩሽ ይጽዳ፣ የውኃ መውጫው ይከፈት፣ የዛገው ይቀባ። የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር መግጠሙ በዓይን ይረጋገጥ። የላይ መያዣው ኩሽኔታ በእጅ ሲዞር ከሻከረ ይቀየር፤ አለበለዚያ መሪ በዞረ ቁጥር ሞላው አብሮ ይጠመዘዛል። ጎሚኒ (የጎማ ቡሽ) የያዙ ብሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት ጎማው መሬት ይዞ፣ መኪናው በራሱ ክብደት ሲቆም ነው። ቀጥሎ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ይሠራ፣ የፊት መብራቱ ከፍታም ይስተካከል።

ኋላቸው ባሌስትራ (የተደራረቡ ቅጠል መሰል ብረቶች) ለሆኑ መኪኖች አመዛዘኑ ይለያል። ትንሽ ቅጠል ቢሰበር ብቻውን ይቀየራል፣ ዓይን ያለው ዋናው ቅጠል ሲሰበር ግን አክሰሉ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ጎማው አካሉን ይበላል፤ እዚያ ሙሉው ባሌስትራ ከመሃል ብሎኑና ከዩ ቅርጽ ብሎኖቹ ጋር ይቀየር። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ።

መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ በየጎማው የውስጥ ጎን ላይ ከቸርኬው እስከ ጥርሱ ወፍራም የጠመኔ መስመር ያስምሩ። 20 ኪ.ሜ ያህል ጉብታና ጥግ መታጠፊያ ባለበት ደረቅ መንገድ ነድተው መስመሩን ይዩት። መሃሉ ላይ ተፍቆ ከጠፋ የሚነካ ነገር አለ፤ መጀመሪያ የያዡን ጠርዝ፣ ቀጥሎ የሞላውን ጫፍ፣ ከዚያ የጎማውን ስፋትና የቸርኬውን ኢቲ ይፈትሹ።